ጥርስ ሠሪው የተባረረ ዕለት

አድሚኗ ጥርስ ሠሪውን ከግሩፑ ያባረረችው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ካርድ አውጥታ ሌላውን እስክትፈልግ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጥርስ ሠሪው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተ። ሁለቱ ነገሮች እንደማይገናኙ ልጅም ያውቀዋል፤ እሷም ታውቃለች። ግን ጭንቅላትን ማሳመን ሌላ፣ ሆድን ማሳመን ሌላ ሆነባት።

ሥራዋ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንዲት ትንሽ መስኮት የሰው ስም እየተቀበለች ከመደርደሪያ ካርድ ስታወጣ ኖራለች። መስኮቱ ጋ የሚቆም ሰው ወይ አሞታል ወይ ቸኩሏል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ነው። እሷ ግን አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «የቁልቋል ወዳጆች» የሚባለውን የስልክ ግሩፕ የከፈተችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ቤት የለቀቀች ጎረቤቷ በቆርቆሮ የተተከለ እሾሃም ነገር ጥላላት ሄደች፤ ምን እንደሚፈልግ የሚነግራት ሰው ስታጣ ግሩፕ ከፍታ መጠየቅ ጀመረች። አሁን አባላቱ ሦስት መቶ አርባ ደርሰዋል። አብዛኞቹ በአካል ተያይተው አያውቁም፤ የሚጠራሩት በሥራቸው ወይም በቅጽል ስም ነው፤ እሷም ለሁሉም «አድሚኗ» ናት። የግሩፑ ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ መከባበር። ባሏ መኪና መንዳት ያስተምራል፤ «አንቺ ሦስት መቶ አርባ ሰው በአንድ ደንብ ትገዢያለሽ፣ እኔ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ማድረግ አቅቶኛል» እያለ ይቀልድባታል።

ደንቡ ያልሠራው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር።

ጥርስ ሠሪው፣ ስሙ እንደሚለው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ ቅንድቡ ላይ የጀሶ ብናኝ እንደነጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። የጥርስ ሐኪሞች የታካሚውን ድድ ልክ በጀሶ ወስደው ይልኩለታል፤ እሱ ጥርሱን ሠርቶ፣ ሞርዶና አለስልሶ ይመልሳል። የባለጥርሱን ፊት አያይም። ከዚህ የተነሣ መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ዓይኑ አፉ ላይ ተተክሎ ይቀራል። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት ሲስቁ አይቶ፣ «የታችኛው የእኔ ነው፤ የላይኛውን የሠራው ሰው ግን መታሰር አለበት» ብሎ ሚስቱን አሳፍሯታል።

ቤቱ የአንድ ሕንፃ መጨረሻ ፎቅ ላይ ሲሆን ሰፊ በረንዳ አለው፤ በረንዳው ላይ ሰማንያ አራት ቁልቋል ነበረው። በግሩፑ ውስጥ እሱን የሚያህል አዋቂ አልነበረም። እሱን የሚያህል ምላሰኛም አልነበረም። ጫማ ነጋዴዋ የቢጫ ቁልቋል ፎቶ ልካ ምን እንደያዘው ብትጠይቅ፣ «ከአንቺ በቀር ምንም በሽታ የለበትም» አላት። የሒሳብ አስተማሪው ስንት ቀን አልፎ ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደሚያጠጣ በሠንጠረዥ ሠርቶ ሲለጥፍ፣ «ይኼ ተክል ነው ወይስ ባቡር?» አለው። በየማለዳው የጽጌረዳ ሥዕል እየላከ «መልካም ቀን» የሚለውን ጡረተኛ ደግሞ በር እንደተሳሳተ አስታወቀው። ግን ወዲያው ቀጥሎ መድኃኒቱን ይናገራል፦ የበሰበሰውን ቆርጠህ ጣለው፣ አሥር ቀን ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አቁመው፣ እስኪነግርህ ድረስ ውኃ እንዳታሳየው። ሰዎች እያጉረመረሙ ያሉትን ያደርጋሉ፤ ተክሉም ይድናል። አድሚኗ ሦስት ጊዜ ለብቻው ጽፋ መክራዋለች። ሦስቱንም ጊዜ የመለሰላት መልስ «እሺ» የሚል ነበር።

ከዓመት በፊት ደግሞ «ጀማሪ» የሚባል አባል ገባ። ፎቶ የለው፣ ሌላ ስም የለው። ጥያቄውን «ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጊዜ ሲኖራችሁ ብቻ» ብሎ ይጀምራል፤ «ውለታችሁን አልረሳም» ብሎ ይጨርሳል። ግሩፑ በፍቅሩ ወደቀ። የሚጠይቀው አንዳንዴ ከጀማሪ የማይጠበቅ ከባድ ነገር ነበር፤ አንዱን ቁልቋል ቆርጦ በሌላው ግንድ ላይ እንዴት እንደሚቀጥሉት፣ ሥር ውስጥ የሚገባውን ነጭ ተባይ በምን እንደሚያጠፉት፤ አባላቱ ግን እሱን ለመርዳት መጽሐፍ ያገላብጣሉ፣ የሚያውቁትን ሰው ይጠይቃሉ። አድሚኗም በምሳ ሰዓቷ ቁጭ ብላ ረጅም መልስ ትጽፍለታለች። ክፉ የሆነበት ጥርስ ሠሪው ብቻ ነው። «ይህን የማያውቅ ሰው ድንጋይ ያሳድግ» ይለዋል። ጀማሪው መልሶ ተናግሮት አያውቅም፤ ይኼ ደግሞ አድሚኗን ይበልጥ ያንገበግባታል።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ጀማሪው ከሥሩ የለሰለሰ አንድ ትልቅ ቁልቋል ፎቶ ልኮ ይድን እንደሆነ ጠየቀ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥርስ ሠሪው «አበቃለት። ቅበረውና ለራስህም አጠገቡ ቦታ ያዝ» ብሎ ጻፈ። አድሚኗ ይህን ስታነብ መስኮቱ ጋ አንድ ሰውዬ እያሳለ ቆሟል። ስድቡን አጠፋችው፤ ጥርስ ሠሪውን አስወጣችው፤ ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብላ «አድሚኗ ጥርስ ሠሪውን አስወጣች» የምትለውን መስመር እንኳ ወዲያው ሰረዘቻት። ከዚያ የሰውየውን ካርድ ልታመጣ ሄደች። ደስ ብሏት ነበር።

ወሬው የመጣው በማግስቱ ነው። ጫማ ነጋዴዋ የእናቷን ጥርስ ልትቀበል ሄዳ ክፍሉን ዝግ አገኘችው፤ ታች ያለው ባለሱቅ ነገራት። ግሩፑ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጋሼ ጥርስ ሠሪው ትናንት አርፈዋል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው፤ ልባቸው ነው አሉ።» አድሚኗ ያነበበችው ምሳ ስትበላ ነው። ማንኪያውን አስቀመጠችና ሳህኑን ክዳኑን ገጠመችለት።

እስከ ማምሻው ድረስ አራት መቶ መልእክት ገባ። መጀመሪያ ሁሉም ነፍስ ይማር አለ፤ ደግነቱን አወራ። ጥቂት ቆይቶ የሒሳብ አስተማሪው፣ ሰውየው ደግ እንደነበሩ ባይካድም እሱን ግን «በቁጥር የታመመ» እንዳሉት ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ጫማ ነጋዴዋ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እንደተሰደበች ቁጥር ጠቅሳ ተናገረች። አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያ ሰባኪ» ሲባል እንደኖረ ኮራ ብሎ አስታወቀ። ባለ ጽጌረዳው ጡረተኛ ከሁሉም በላይ የተጎዳው እሱ እንደሆነ ተከራከረ፤ ለማስረጃም የድሮ ስድቦቹን እየፈለገ ይለጥፍ ገባ። ያልተሰደቡ አዳዲስ አባላት የበታችነት ተሰማቸው። አንዲት ልጅ እሷን አንድ ቀን «ይሻላል» ብሏት እንደነበር ብትጽፍ ማንም አላመናትም።

በዚህ መሀል የሒሳብ አስተማሪው የሟቹን ስም ከአባላት ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ማጣቱን ተናገረና፣ ቤተሰቦቹ ዘግተውት ይሆን ብሎ ጠየቀ። አድሚኗ ደነገጠች። ያባረረችውን ሰው ሦስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው እያለቀሰለት ነው። ማንም ሳያይ ልመልሰው ብላ በሐሙስ ጠዋት፣ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ስሙን ፈልጋ አስገባችው። ግሩፑም ሥራውን ሠራ፤ «አድሚኗ ጥርስ ሠሪውን ወደ ግሩፑ አስገባች» ብሎ ለሁሉም አወጀ። መስመሩን ልትሰርዝ ጣቷን ስታነሣ አንድ አዛውንት መስኮቱን አንኳኩ፤ ካርዳቸውን አግኝታ እስክትመለስ ስድስት ደቂቃ ሄደ።

ስትመለስ ግሩፑ ታምሷል። የሚያማትበውም አለ፣ ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ ነው የሚልም አለ። ጡረተኛው ስለለጠፋቸው ስድቦች ጋሼን ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ጫማ ነጋዴዋ ትናንት ቀብር ላይ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ትምላለች። አድሚኗ ጨነቃትና መልሳ አስወጣችው። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ማባረሯ የገባት ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከሞተ በኋላ። ጣቴ ተሳስቶ ነው ብላ ጻፈች። ውሸት አልነበረም፤ ግን እውነትም አልነበረም።

ለባሏ የነገረችው የዚያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ነው። ባሏ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። አንድ ሌላ ነገርም ከንክኗት ነበር፤ ጀማሪው ከማክሰኞ ወዲህ ድምፁ የለም። የተባረረው በእሱ ምክንያት ነውና፣ መስመሯን ሳትሰረዝ አይቷት ከሆነ ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ይሆናል ብላ ፈራች። ለብቻው ጻፈችለት፦ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ጥፋት ካለ የእኔ ነው። እባክዎ አይጨነቁ፤ ጥያቄ ሲኖርዎት ይጠይቁን።» መልስ አልመጣም።

ግሩፑ ወደ ልቅሶው ቤት የሚሄድለት ተወካይ መረጠ፤ ያለ ተቃውሞ እሷ ተመረጠች። ምን ይዛ ትሂድ የሚለው ግን ቀን ሙሉ አጨቃጨቀ። አበባ ለእሱ ስድብ ነው ተባለ። በመጨረሻ ጫማ ነጋዴዋ እሱ ራሱ ያዳነላትን ቁልቋል ሰጠች፤ ያ ቢጫ የነበረው አሁን የአንድ ልጅ ራስ አክሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ በማስተማሪያ መኪናው ወሰዳት። ይህች መኪና በአስተማሪው በኩልም ሁለተኛ ፍሬን አላት። ባሏ በተማሪው ወንበር ሲነዳ አድሚኗ በአስተማሪው ወንበር ላይ ቁልቋሉን አቅፋ ተቀመጠች፤ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር እሾሁ ይወጋታል፣ በወጋት ቁጥር እግሯ ፍሬኑን ይረግጣል። ሦስት ጊዜ መንገድ መሀል ቆሙ። ከኋላቸው የነበረው ሹፌር ጣሪያው ላይ ያለውን የተማሪ ምልክት አይቶ ታገሣቸው። ባሏ በዚህ ዓመት እንዲህ ጥሩ ፍሬን የረገጠለት ሰው እንዳላጋጠመው ነገራት።

የጥርስ ሠሪው ሚስት በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯ በሥርዓት የተጎነጎነ። ቤቱ ውስጥ ቦታ ስላልበቃ ልቅሶ ደራሾቹ በረንዳው ላይ በቁልቋሎቹ መሀል ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ ሰብስቦ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ አጣብቆ፣ ፎቶ የሚነሣ ይመስላል። የአድሚኗ ባል ለሰው ቦታ ለመልቀቅ ጥቂት ፈቀቅ ሲል የኮቱ እጅጌ ተያዘ፤ ሊያላቅቅ ሲል ሌላው እጅጌም ተያዘ። አንድ ሽማግሌ በዝግታ፣ እሳቸው ከሐሙስ ጀምሮ እንደተያዙ ነገሩት።

አድሚኗ ቁልቋሉን አስረከበች፣ የግሩፑን ሐዘን ተናገረች። ሚስቲቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደቻት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አለ፤ አንዱ ደህና ነው፣ የሌላው መስታወት ተሰንጥቋል። ከአጠገባቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበረ።

«ይኼ የዚያች ጫማ ነጋዴ እናት ጥርስ ነው፤ አድርሺላት። ጨርሶት ነበር» አለች ሚስቲቱ። ከዚያ የተሰነጠቀውን ስልክ ብድግ አደረገች። «ይኼ ደግሞ ሐሙስ ዕለት መልእክት መጥቶለታል። ለማን እንደምመልስ ግራ ገብቶኝ ተውኩት።»

አድሚኗ አየችው። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ይላል። የራሷ ጽሑፍ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከላይ የባለስልኩ ስም አለ፤ ጀማሪ።

ወንበር ባይኖር መሬቱ ላይ ትቀመጥ ነበር። «ጀማሪው እሳቸው ነበሩ?» አለች።

«እሱም፣ እኔም» አለች ሚስቲቱ። «እሱ መጠየቅ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፣ ልጄ። መንገድ ጠፍቶት እንኳ ሰው አይጠይቅም። እናንተ ደግሞ አዋቂ ነህ ብላችሁ ሰቀላችሁት፤ ከዚያ ወዲያ በምን ይውረድ? እኔ ዕድሜዬን የቢሮ ደብዳቤ ስመታ ነው የኖርኩት። ‹ይኼ እርጉም ለምን እንደሚበሰብስ በያቸው› ይለኛል፤ እኔ መልክ አስይዤ እልከዋለሁ።»

አድሚኗ ታዲያ ራሱን ለምን ይሰድብ ነበር ብላ ጠየቀች።

«ሰው እንዳይጠረጥር ነው ይል ነበር። ውሸቱን ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥርስ ሲሰበርበት ራሱን ሲሰድብ ታች ያለው ባለሱቅ ይሰማው ነበር። ለሰው የሚናገረው እኮ ለራሱ ካለው የተረፈውን ነው።»

አድሚኗ ያን ጊዜ ጥፋቷን አመነች። ማክሰኞ ጠዋት እኔ ነኝ ያባረርኳቸው አለች፤ ሐሙስም ደግሜ አለች። ይህን ስትል ጠረጴዛውን እንጂ ሴትዮዋን አላየችም።

«የማክሰኞውን አውቃለሁ፤ ወዲያው ደወለልኝ» አለች ሚስቲቱ። «ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቅ ነው። ‹ዕድሜ ልኬን ማንም ቆሞልኝ አያውቅም፣ ዛሬ አንዲት ሴት ከራሴ አስጣለችኝ› አለ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲያ ሲስቅ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ምሳውን በላ፣ ያንን ጥርስ ጨረሰ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሄደ።»

አድሚኗ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቅ አመለጣት። ሚስቲቱም ሳቀች። በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ሳቅ ሰምተው ዞሩ፤ መዞር የማይችሉት ባሉበት ሆነው ጆሯቸውን አቀኑ።

የጀማሪው ነገር በሁለቱ መሀል እንዲቀር ተስማሙ። የራሷን ጥፋት ግን አድሚኗ መደበቅ አልፈለገችም፤ እሑድ ጠዋት ለግሩፑ ሁሉንም ጻፈች። መጀመሪያ ጡረተኛው፣ እንግዲያው ያለቀስነው ለተባረረ ሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የሒሳብ አስተማሪው፣ ለስድስት ደቂቃም ቢሆን ከሞት በኋላ አባል የነበረ ሰው መብቱ ይከበርለት አለ። ድምፅ ተሰጠ። አድሚኗ ጥርስ ሠሪውን ለሁለተኛ ጊዜ ዓይኗን ሳትጨፍን አስገባችው፤ መስመሯንም አልሰረዘቻትም። የጫማ ነጋዴዋ እናት ደግሞ አዲሱን ጥርሳቸውን አድርገው ሲስቁ የሚያሳይ ፎቶ ተላከ። ሦስት መቶ ሰው አፋቸውን አተኩሮ አየ።

ከወር በኋላ ሚስቲቱ ሰማንያ አራት ተክል ለአንድ ሰው እንደሚበዛ፣ የፈለገ አባል መጥቶ አንድ አንድ መውሰድ እንደሚችል በአድሚኗ በኩል አስነገረች። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አርባ አንድ ሰው ካርቶንና ፌስታል ይዞ ደረጃው ላይ ተሰለፈ። ጎረቤቶች ደግሞ ማን ሞተ ብለው ወጡ። ሰዎቹ እርስ በርስ በፊት አይተዋወቁም፤ አምስት ዓመት ያወሩት ሰው አጠገባቸው ቆሞ «ይቅርታ፣ ሰልፉ ይኼ ነው?» ይባባላሉ። ሽማግሌ ይመስላቸው የነበረው የሒሳብ አስተማሪ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ «አንቱ» ሲሉት የቆዩት ሰዎች መልሰው አንተ ለማለት ተቸገሩ።

መስጠቱ ግን እንደታሰበው አልሄደም። አንድ ሰው አንድ ማሰሮ ባነሣ ቁጥር ሚስቲቱ በመጀመሪያ «ውሰደው» ትላለች፤ ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ትጠራውና፣ ይኼኛውን እንኳ የሆነ ጊዜ ታሞበት ከሥራ ቀርቶ ያስታመመው ስለሆነ ሌላ ምረጥ ትላለች። ሁለተኛውን ደግሞ አብረን ነው የገዛነው ትላለች። በመጨረሻ ዘጠኝ ማሰሮ ብቻ ወጣ። ሠላሳ ሁለቱ ሰዎች ቁራጭ ቁራጭ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተሰጣቸውና እያመሰገኑ ወረዱ፤ ጣታቸውን እየመጠጡ።

ሁሉም ሲሄድ አድሚኗና ሚስቲቱ በረንዳውን ጠረጉ። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ቁልቋል ወደ ጎን ማዘንበል ጀምሯል። ሚስቲቱ፣ ይኼ ምን ፈልጎ ነው ብላ ጠየቀቻት። አድሚኗ ዞራ ዞራ አየችው፣ አፈሩን በጣቷ ነካች።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ አላውቅም» አለች።

«እኔም አላውቅም» አለች ሚስቲቱ። ደስ ያላት ትመስል ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ አንድ የወጥ ቤት ወንበር አምጥታ፣ ለጊዜው ቁልቋሉን አስደገፈችበት።